ቅልልቦሽ በጨረቃ ላይ

እንጦጦን ሁለት ዓይነት ሰዎች ይወጡታል። ጎህ ሲቀድ ሯጮች በባሕር ዛፉ መሐል ዳገቱን ይያያዙታል፤ ሲመሽ ደግሞ የኅዋ ተመራማሪዎች ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ላይ ወደተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች ያመራሉ። የእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ መስታወት አንድ ሜትር ስፋት አለው። ሯጩንም ተመራማሪውንም ወደዚያ የሚያወጣቸው የአየሩ መሳሳት ነው። ሯጩ ኦክስጅን በሚያንስበት ቦታ ሲሠለጥን ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ያድጋል፤ ለተመራማሪው ደግሞ ከራሱ በላይ ያለው አየር በቀነሰ መጠን የከዋክብቱ ብርሃን ሳይደበዝዝ ይደርሰዋል። በአንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ምክንያት የተገናኙት እነዚህ ሁለት ሙያዎች በትምህርት ቤቶቻችን ግን አይተዋወቁም። ሰውነት ማጎልመሻ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ሳይንስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የሁለቱ መምህራንም ስለ አንዱ ልጅ ትንፋሽ አብረው የሚነጋገሩበት አጋጣሚ እምብዛም የለም።

ከእንጦጦ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከቀየት እስከ መሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ እስከ ግሼ ባለው አገር ከዚሁ ከፍታ ጋር የሚወዳደር ብዙ ቦታ አለ። የመንዟ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ከ3200 ሜትር ተነሥቶ 3700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ደጋ የእንጦጦ ዓይነት ቴሌስኮፕ አልተተከለም። እንጦጦን የሚያስቸግረው የከተማ መብራትም ግን የለበትም፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ይዘረጋል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ቤተ ሙከራ ላልተሠራለት የደጋ ልጅ ከሁሉ የቀረበው ቤተ ሙከራ የገዛ ሰውነቱ ነው። ከልብ ምቱ፣ ከዝላዩና ከጥላው ተነሥቶ ኅዋ ድረስ የሚዘልቅ ትምህርት ይቻላል፤ ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ወጪም በጣም ትንሽ ነው።

ሐሳቡ በሌላው ዓለም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው ናሳ ከአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲና ከሌሎች አገሮች ተቋማት ጋር ሆኖ «ሚሽን ኤክስ፦ እንደ ጠፈርተኛ ተለማመዱ» የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ። የታሰበው ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች ነበር። ልጆቹ አጥንታቸው እንዲጠነክር ገመድ ይዘላሉ። የእጅና የትከሻ ጉልበት ለማዳበር በእጅና በእግራቸው መሬት ላይ ይሄዳሉ፤ ጠፈርተኛ ከጣቢያው ወጥቶ ሲሠራ የሚንቀሳቀሰው ከእግሩ ይልቅ በእጁ ነውና። ወፍራም ጓንት አጥልቀው የተበታተኑ ቁርጥራጮችን ይገጣጥማሉ። ጓደኛቸው የሚለቀውን ማስመሪያ በአየር ላይ ቀልበው ምላሻቸው ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ይለካሉ። ሁሉም የተራመዱት ተደምሮ የጨረቃን ርቀት እንዲሸፍን ይደረጋል። እያንዳንዱ ልምምድ ከጎኑ «ለምን?» የሚል ጥያቄ አለው፤ የመርሐ ግብሩ ዋና ብልሃትም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄው ባዶ ማስዋቢያ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኅዋ ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ90 ደቂቃ አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራል። በውስጡ ያሉት ሰዎች ክብደት አይሰማቸውም፤ እግራቸው የሚሸከመው ነገር የለም። አጥንት ደግሞ ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። ጥንቃቄ ካልተደረገ ሰውነትን የሚሸከሙት የዳሌና የእግር አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ጥግግታቸውን ያጣሉ፤ ጡንቻም ይሟሽሻል። ስለዚህ ጠፈርተኞቹ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ይለማመዳሉ። መሮጫው ላይ እንዳይንሳፈፉ በትከሻና በወገባቸው በላስቲክ ማሰሪያ ወደ ታች ይጎተታሉ። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ስለማያገኛቸው ቫይታሚን ዲ በክኒን ይወስዳሉ። ጨቅላ ልጇን የጠዋት ፀሐይ የምታሞቅ እናትና የኅዋ ጣቢያ ሐኪም የሚጨነቁት ስለ አንድ አጥንት ነው። ይህን የሰማ የአራተኛ ክፍል ተማሪ «አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳ ገልብጦ ከመሸምደድ ይድናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል። መርሐ ግብሩ የተፈጠረው ስክሪን ፊት ተቀምጠው ለሚውሉ የሀብታም አገር ልጆች ነው፤ የመንዝ ልጅ ምን ጎድሎት ነው ዝለል የሚባለው? በግና ላም ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ ትምህርት ቤት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረውን የቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ብዙው ልጅ ገና የጠዋቱ ደወል ሳይደወል ይጨርሰዋል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ የማልቀበለው መደምደሚያውን ብቻ ነው። መርሐ ግብሩ እንዳለ ተቀድቶ ቢመጣ በርግጥ ከንቱ ድካም ይሆናል። ነገር ግን ሊገለበጥ ይችላል። እነሱ ልጆቻቸውን ከወንበር ለማስነሣት ሳይንስን ማባበያ አደረጉ፤ እኛ ዘንድ እንቅስቃሴው ሞልቶ ስለተረፈ ሳይንሱን ከእንቅስቃሴው ውስጥ ማውጣት እንችላለን። የመንዝ ልጅ ሮጦ ያውቃል፤ ከሮጠ በኋላ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ፣ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ የጓደኛው ለምን እንደተለየ የጠየቀው ሰው ግን የለም። አንድ የእጅ ሰዓት፣ ሁለት ጣት አንጓ ላይ፣ አንድ ደብተር፤ መሣሪያው ይኸው ነው።

ጨዋታዎቹም አሉ። ቅልልቦሽን እንውሰድ። ልጅቷ ጠጠሯን ወደ ላይ ትወረውራለች፤ ጠጠሯ እስክትመለስ መሬት ላይ ያሉትን ጠጠሮች አፍሳ ወራጇን ትቀልባለች። ጠጠሯ 30 ሴንቲ ሜትር ከወጣች ተመልሳ እጅ ላይ እስክታርፍ ግማሽ ሰከንድ ያህል ትቆያለች። የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ነው፤ እዚያ በዚያው ጉልበት የተወረወረች ጠጠር 1 ሜትር ከ80 ወጥታ ለመመለስ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። በ3 ሰከንድ ስንት ጠጠር ይታፈሳል? ጨዋታው ይቀላል ወይስ ጣዕሙ ይጠፋል? ይህን ለመመለስ ልጆቹ መጀመሪያ እዚሁ ምድር ላይ በግማሽ ሰከንድ ስንት ማፈስ እንደሚችሉ መቁጠር አለባቸው፤ ቁጥሩ ከመጣ ፊዚክሱ መጣ ማለት ነው። ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ናቸው። ስለ ገና ጨዋታ ደግሞ ታሪክ ራሱ የሚያግዝ ነገር አለው፦ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1971 የአፖሎ 14 አዛዥ አላን ሼፐርድ ከመሥሪያ መሣሪያ እጀታ ጋር ባያያዘው የጎልፍ ዱላ ጨረቃ ላይ ኳስ መትቷል። የመንዝ ልጆች በገና በዓል ሩሯን በዱላ ሲመቱ ቆይተዋልና ጨረቃ ላይ የተመታች ኳስ ለምን ሩቅ ልትሄድ እንደምትችል ከማንም በተሻለ ሊገምቱ ይችላሉ። አየር በሌለበት የሚገታት የለም፤ ስበቱም ደካማ ነው። በዚያ ላይ ድምፅ አይሰማም፤ «ጎል!» ብሎ መጮህ በራስ ቁር ውስጥ ካለ ሬዲዮ ውጭ ለማንም አይደርስም።

ከሁሉ ይልቅ የደጋው የራሱ ሀብት አየሩ ነው፤ እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። 3000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። የስፔስ ሸትል ጠፈርተኞች ከመንኮራኩሯ ወጥተው ከመሥራታቸው በፊት የክፍላቸው ግፊት ቀስ ተብሎ ወደዚሁ 70 በመቶ አካባቢ እንዲወርድ ይደረግ ነበር። የሚለብሱት ልብስ ውስጥ ያለው ግፊት ከዚህም በጣም ያነሰ ስለሆነ ሰውነታቸው ሳይዘጋጅ ቢገቡበት በደማቸው ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሠርቶ ይጎዳቸዋል። የክፍሉ ኦክስጅን ለማካካሻ በመጠኑ ከፍ ይደረግ ነበር እንጂ ግፊቱስ የመሐል ሜዳ ግፊት ነበር። የመሐል ሜዳ ልጅ ለኅዋ ጉዞ መሸጋገሪያ በሆነው ግፊት ውስጥ ተወልዶ፣ ሮጦ፣ ዘፍኖ ያድጋል። እናቱም ይህን ግፊት በምድጃዋ ታውቀዋለች። መንዝ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ባቄላው ከቆላው ይልቅ ቆይቶ ይበስላል። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ የመፍያው ሙቀት እየወረደ ሄዶ፣ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሰው ሰውነት ሙቀት ይፈላል፤ ጠፈርተኛ ያለ ልብሱ መውጣት የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከባቄላ ድስት እስከ ጠፈርተኛ ልብስ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሄድበት ይችላል።

የደገኛው ደምም ለዓለም ሳይንስ ጥያቄ ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የአንዲስ ደገኞች ቀጭኑን አየር የሚቋቋሙት የደማቸውን ሄሞግሎቢን በማብዛት ነው፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎም ይኖራሉ። የተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢንም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን መጠን ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ለከፍታ ሦስተኛ መልስ መኖሩ በዚህ ታወቀ። የመንዝ ልጅ የሚቆጥረው የልብ ምት እንግዲህ የልጅ ጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ታላላቅ ተመራማሪዎች ሩቅ አገር ተጉዘው የጠየቁት ጥያቄ ታናሽ ወንድም ነው።

ጥላም አለ። የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ የጾምና የጸሎት ሰዓት ያውቁ ነበር። የፀሐይና የጨረቃን መውጫና መግቢያ በሰፊው የሚተርከው መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ነው። ሰማይን መመርመር ከእምነት ያስወጣል ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ቢኖር መልሱ ከደብሩ ቅጥር ግቢ ይገኛል፤ ባሕረ ሐሳብን ያሰላ ሊቅ ጨረቃን ሳይቆጥር አልዋለም። ይህን ዕውቀት ከልጆቹ ሩጫ ጋር ማገናኘት ቀላል ነው። ከሚያዝያ 7 እስከ 10 ባሉት ቀናት በመንዝና በአካባቢው ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች፤ የቆመ በትር ጥላ ያጣል። ይህ የሚሆነው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ለምን ልክ በ6 ሰዓት አልሆነም? ሰዓታችን የተሰፈረው ከመንዝ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነው፤ ፀሐይ ከዚያ ተነሥታ እስክትደርስ 20 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ምድር ክብ ሆና መዞሯ ከበትር ሥር ይታያል ማለት ነው። ይኸው ነገር በነሐሴም ይደገማል፤ የመንዝ ነሐሴ ግን ጉም ነው፤ ሚያዝያን መያዝ ይሻላል።

መንገዱም ይቆጠራል። 500 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ብናስብና እያንዳንዱ ልጅ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሁሉም በአንድ ቀን 3000 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ትምህርት ቤቱ በ129ኛው የትምህርት ቀን፣ ዓመቱ ሳያልቅ ይደርስባታል። እያንዳንዱ ልጅ እርምጃውን ለክቶ፣ ቆጥሮ፣ አባዝቶ የራሱን ድርሻ ቢያስመዘግብ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ሰውነት ማጎልመሻ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ላይ ሴቶች ልጆች መረሳት የለባቸውም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዘለች ልጅ ከማንም በላይ ትሠራለች፤ ውሃ የሄደችበት መንገድ ከትምህርት ቤቱ መንገድ እኩል ይመዝገብላት። ጀሪካኑ ጨረቃ ላይ 3 ኪሎ ከምናምን ያህል ብቻ ይከብዳት እንደነበር ስታሰላ ስለ ስበት ትማራለች፤ ወላጅና መምህር ደግሞ ሰንጠረዡን ሲያዩ ሸክሟን ያውቃሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው አያንስም።

ከመጀመሪያው የሚከብደው ተቃውሞ የረሀብና የጦርነት ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ መንዝ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ እጅግ ብዙ ልጆችን ከትምህርት አስቀርቷል። ቁርሱን ያልበላን ልጅ ገመድ ዝለል ማለት ጭካኔ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ልምምዱ ምግብን መከተል አለበት። በባዶ ሆዱ ለመጣ ልጅ የሚሆነው ጥላ መለካትና ከዋክብት መቁጠር እንጂ ሩጫ አይደለም። ቆሎውና በሶው ራሳቸው የትምህርቱ አካል ይሁኑ፤ የጠፈርተኛ ምግብም ደረቅ፣ ቀላልና የማይበላሽ እንዲሆን ይመረጣልና በሶ ስንቅ የሆነበት ምክንያት ከዚያ አይርቅም። የትምህርት ቤት መዘጋት ግን ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት መቆም ምክንያት አይሆንም። ቤተ ሙከራ፣ መብራትና ኢንተርኔት የሚፈልግ ትምህርት ሕንፃው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በትር፣ ጠጠርና የልብ ምት ግን ከልጁ ጋር ቤቱ ይገባሉ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ላሊበላን ሲያልፍ፣ መንዝ ላይም ፀሐይ በከፊል ተሸፍና ሳለ፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ዝግ ነበሩ። በወንፊት ቀዳዳዎች ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያን ጊዜ ማጭድ ማጭድ ይመስላል፤ ዓይንን ሳይጎዳ ግርዶሽን ለማየት ወንፊት ይበቃ ነበር። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ በየቤቱ መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

«ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ልጄ ፈተና ማለፍ አለበት» የሚል ወላጅ ደግሞ መልስ ይገባዋል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። ለዚህ ውጤት ጦርነቱም፣ የመምህራን ችግርም፣ ሌላም ምክንያት አለው። ሽምደዳው ግን ልጆቹን እንዳላዳናቸው ግልጽ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲገለብጥ የኖረ ተማሪ ያልተገለበጠለት ጥያቄ ሲመጣበት ይደነግጣል። የወደቀ ማስመሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የቀለበ ልጅ ምላሹ 0.2 ሰከንድ መሆኑን ራሱ አስልቶ ካወቀ፣ ያው ቀመር በዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ሲመጣ ከዘመድ ጋር እንደመገናኘት ይሆንለታል። ኅዋ የሚል ስም ብቻውን ሳይንቲስት አያፈራም፤ እንዲያ ብዬም አልሰብክም። የሚያፈራው መለካት፣ መጻፍና ከጓደኛ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ነው፤ ኅዋ ልጁ ይህን ሥራ ሳይሰለች እንዲደጋግመው የሚያደርግ ጉጉት ይጨምራል።

የድሃ አገር ልጅ ከኅዋ ምን አለው የሚለውን ክርክር ኢትዮጵያ ራሷ አልፋዋለች ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም ሲመሠረት መሥራቾቹ እንደ ቅዠተኞች ታይተው ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ግን 72 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች፤ ሥራዋም እርሻን፣ ደንንና ውሃን ከላይ መቃኘት ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. 2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰችው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷ ደግሞ አቦል ተብላለች። ለሰሜን ሸዋ ልጅ ከዚህም የቀረበ አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት በሰማይ የታየ ብርሃንን ምክንያት አድርገው መሆኑ በታሪክ ይነገራል፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። የዞኑ ዋና ከተማ ታሪክ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ከማየት ይጀምራል።

ከየት ይጀመር ለሚለው፣ የዓለም የኅዋ ሳምንት በየዓመቱ ከመስከረም 24 እስከ 30 ይከበራል፤ ጊዜው የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ እ.ኤ.አ. በ1957 የተወነጨፈችበትንና የኅዋ ስምምነት በ1967 ሥራ ላይ የዋለበትን ቀን ያስታውሳል። በእኛ አቆጣጠር ትምህርት የሚከፈትበት፣ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው። የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲው በትምህርት ቤቶች ክበባትን የማቋቋም ልምድ አለው፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የስፖርትና የፊዚክስ መምህራኑን አንድ ላይ አስቀምጦ አሥር ገጽ የምትሆን የአማርኛ መምሪያ ቢያዘጋጅ ከአቅሙ በላይ አይሆንም። የመጀመሪያው ሥራም አንድ ይሁን። የመሐል ሜዳ ልጆች ከመቶ ሜትር ሩጫ በፊትና በኋላ የልብ ምታቸውን ይቁጠሩ፤ 2300 ሜትር አካባቢ ላይ ያሉ የመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ልጆችም፣ ከዚያ ወርደው በጀማ ሸለቆ ያሉት ቆለኞችም በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ያድርጉ። ሦስቱ ደብተሮች ይለዋወጡ። ከፍታው ልዩነት ያመጣ እንደሆነ፣ ያላመጣም እንደሆነ፣ ቁጥሩ የልጆቹ ነው፤ በሚቀጥለው መስከረም ደግመው ሊፈትሹት ይችላሉ።